ግድግዳ ላይ የበቀለ የአትክልት ስፍራ፦ የሕፃናት መኝታ ክፍልና የርካሽ ጌጥ ታሪክ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ

(ከዚህ በታች የቀረበው በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ለድረ ገጹ ሲዘጋጅ አንዳንድ ድግግሞሾች ተቀንሰዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን ያደግሁበትን ቤት ግድግዳ በማስታወስ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። ግድግዳው ጭቃ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ከየሱቁ አሮጌ ጋዜጣ ታሰባስብና ጥቂት ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ በእሳት ላይ እያማሰለች ሙጫ ትሠራለች፤ ከዚያም ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ትለጥፈዋለች። እኛ ልጆች በበኩላችን ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባና ወፍ፣ ፀሐይና ዛፍ በወረቀት ላይ እንሥላለን። ሥዕሉን በየጎረቤቱ አዙረን ሳንቲም እንቀበልበታለን፤ የተረፈንን ደግሞ ከመኝታችን በላይ፣ በአዲሱ ጋዜጣ ላይ እንለጥፈዋለን። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጋዜጣና ሌላ አበባ በላዩ ይደረባል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቤቱ ሲፈርስ ግድግዳው ከነድርቡ ወደቀ። እኔን ጨምሮ አንዲት ቁራጭ እንኳ ያስቀረ ሰው አልነበረም። የታሪክ ተማሪ ከሆንሁ በኋላ በዚህ ነገር ደጋግሜ ተቆጭቻለሁ።

ስለዚያ ግድግዳ እንደ ታሪክ ጸሐፊ ልናገር ብል ከትዝታ በቀር ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ተመሳሳይ ነገር በሰነድ ወደ ተመዘገበበት አገርና ዘመን፣ ወደ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ እወስዳችኋለሁ። በዚያ አገር ግድግዳ የሚለጠፍበት ወረቀት ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ስለነበር የቀረጥ ሹማምንት መዘገቡት፤ ፋብሪካዎች ንድፋቸውን ለማስከበር በመንግሥት መዝገብ አስገቡት፤ ሐኪሞችም ሰው ገደለ ብለው ከሰሱት። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አበባና ቅጠል፣ ወፍና ሐረግ የታተመበት ርካሽ ወረቀት በሕፃናት መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊወጣ የቻለው እንዴት ነው? ወረቀቱን ርካሽ ያደረገውን ልዩነትስ የከፈለው ማን ነው?

ቤት ውስጥ የአትክልት ስፍራ መሣል እጅግ የቆየ ልማድ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ። ከሮም ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ፕሪማ ፖርታ በተባለ ስፍራ የአውግስጦስ ቄሣር ሚስት የሊቪያ ቤት ፍርስራሽ አለ። እዚያ በ1863 አንድ ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል ተገኘ። አራቱም ግድግዳ የሮማን ዛፍ፣ ጽጌረዳና ወፎች በሞሉበት የአትክልት ሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ዛሬ ሥዕሉ ተነሥቶ ሮም ውስጥ በፓላሶ ማሲሞ ሙዚየም ይታያል። ትልቁ ፕሊኒም ስለ ሥዕል በጻፈው ክፍል በአውግስጦስ ዘመን የአትክልትና የወደብ ሥዕል በግድግዳ ላይ ስላስፋፋ አንድ ሠዓሊ ሲያወሳ፣ ሥራው ለዓይን ደስ የሚልና ወጪው አነስተኛ እንደነበረ ጨምሮ ይነግረናል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ጸሐፊ የወጪውን ነገር ሳያነሣ አለማለፉ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ነገር ግን በፕሊኒ ዘመን ርካሽ የተባለው ነገር ለባለ ርስቶች ርካሽ የሆነ ነው። የሠራተኛ ቤተ ሰብ ልጅ ከአልጋው ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ቅጠል ያይ ዘንድ ወረቀት፣ ማሽንና ርካሽ ቀለም መገናኘት ነበረባቸው።

በእንግሊዝ አገር የግድግዳ ወረቀት አስቀድሞ በእጅ የሚሠራ ነበር። በእጅ የተመረቱ አነስተኛ ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ ጥቅል ይሆናሉ፤ ከዚያ የተቀረጸ እንጨት ቀለም እየተነከረ አንድ በአንድ ይታተምባቸዋል። ንድፉ አምስት ቀለም ካለው አምስት የተቀረጹ እንጨቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ቀለም እስኪደርቅ ሌላው ይጠብቃል። በዚህ ላይ ቀረጡ አለ። በ1712 በንግሥት አን ዘመን በወጣው ሕግ በታተመ፣ በተሣለ ወይም በተነከረ ወረቀት ላይ በየስኩዌር ያርዱ አንድ ፔኒ ተጣለ፤ በኋላም ከፍ አለ። የቀረጥ ሹሙ በወረቀቱ ጀርባ ማኅተሙን ያሳርፋል። ማኅተሙን አስመስሎ መሥራት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሞት ከሚያስቀጡ ወንጀሎች አንዱ ነበር።

ቀረጥ ባለበት ሁሉ የቀረጥ ማምለጫም ይኖራል። ያልተቀባ ወረቀት ይህ ቀረጥ አልነበረበትም። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ገዝቶ ግድግዳ ላይ ከለጠፉ በኋላ፣ ቅጠልና አበባ ቅርጽ ተቆርጦ የወጣበትን ካርቶን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በብሩሽ ቀለም መቀባት የተለመደ ሆነ። ዛሬ ለልጆች ክፍል ማስዋቢያ ተብሎ የሚሸጠው ቅርጽ ማውጫ አባቱ ይህ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ የቤት ባልትና ጥበብ ብቻ ያወሱታል፤ እኔ ግን በአብዛኛው የቀረጥ ታሪክ አካል አድርጌ ነው የማየው።

ቀረጡ በ1836 ተነሣ። ከዚያ በፊት በ1830 በማሽን የተመረተ ረጅም ወረቀትን በጥቅል መልክ ለዚህ ሥራ መጠቀም ተፈቅዶ ነበር። ሦስተኛውና ወሳኙ እርምጃ የመጣው በላንክሻየር ግዛት ዳርወን ከምትባል ከተማ ነው። በዚያ ጨርቅ ያትም የነበረው የፖተር ቤተ ሰብ ፋብሪካ በ1839 እና 1840 ገደማ የጨርቅ ማተሚያውን ማሽን ለወረቀት አስማማው። ንድፉ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ይወጣል፤ ወረቀቱ በመካከላቸው ሲያልፍ በርካታ ቀለሞች በአንድ ጊዜ ያርፉበታል፤ ኃይሉ የእንፋሎት ነው። ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። በ1834 የብሪታንያ ምርት 1.2 ሚሊዮን ጥቅል ገደማ ነበር፤ በ1874 ወደ 32 ሚሊዮን ደርሷል። ቀድሞ ለነጋዴና ለመኳንንት ቤት ይሠራ የነበረው ዕቃ በጥቂት ፔኒ የሚገዛ ሆነ።

በእነዚህ ጥቅሎች ላይ የሚታተመው በብዛት አበባ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ የዳርወንንና የማንችስተርን ሰማይ ማሰብ ይበቃል። ከገጠር ወደ ፋብሪካ ከተማ የገባ ሰው ከቤቱ ደጅ የሚያየው የጢስ ማውጫና ጡብ ነው። በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ጽጌረዳ መለጠፍ ለእርሱ የሚሰጠው ትርጉም በንድፍ ሊቃውንት ዘንድ ብዙ አልተስተዋለም። እንዲያውም በዚያ ዘመን የነበሩት የመንግሥት የንድፍ ትምህርት ኃላፊዎች እውነተኛ የሚመስል አበባ በግድግዳና በምንጣፍ ላይ መታየቱን እንደ ነውር ቆጠሩት። በ1852 በሎንደን ማርልቦሮ ሃውስ በተከፈተው ሙዚየም የመጥፎ ንድፍ ምሳሌ የሆኑ ዕቃዎችን ለይተው ለሕዝብ አሳዩ፤ አበባ የሞላባቸው የግድግዳ ወረቀቶችም ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። ቻርልስ ዲክንስ በ1854 ባሳተመው “ሃርድ ታይምስ” በተሰኘው ልቦለድ ይህን ክርክር ወደ ሕፃናት መማሪያ ክፍል አስገባው። አንድ የመንግሥት ሹም ተማሪዎችን በፈረስ ሥዕል ያጌጠ ግድግዳና አበባ የተሣለበት ምንጣፍ ትወዱ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አበባ እወዳለሁ ያለችው ሲሲ ጁፕ የተባለች ልጅ በሁሉ ፊት ትገሠጻለች። ብዙ ጊዜ ይህ ምዕራፍ የትምህርት ዘዴን የሚተች ተደርጎ ይነበባል። እኔ ግን አንድ ልጅ በግድግዳዋ ላይ ማየት የምትፈልገውን የመምረጥ መብቷ የተነሣበት ምዕራፍ አድርጌ ማንበብን እመርጣለሁ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ልዩነቱን ማን ከፈለው ወደሚለው ልሻገር።

በ1862 ፓርላማው በልዩ ልዩ የእጅ ሥራና ፋብሪካ የሚሠሩ ሕፃናትን ሁኔታ የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋመ። ከተጣሩት ሙያዎች አንዱ የግድግዳ ወረቀት ኅትመት ነበር። በ1863 ከወጣው ሪፖርት የምንረዳው ርካሹን ወረቀት የሚያትሙት ማሽኖች በልጆች እጅ ይታገዙ እንደነበረ ነው። የሥራው ወቅት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ በእነዚያ ወራት ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል። አንድ አባት ለኮሚሽኑ በሰጠው ቃል ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው በበረዶ ውስጥ በጀርባው አዝሎ ፋብሪካ ያመላልሰው እንደነበር፣ ልጁ በቀን 16 ሰዓት ይሠራ እንደነበር፣ ማሽኑን ትቶ መሄድ ስለማይችልም እርሱ ተንበርክኮ እዚያው ቆሞ እንዳለ ያጎርሰው እንደነበር ተናግሯል። ካርል ማርክስ ይህን ምስክርነት ስለ ሥራ ቀን በጻፈው ምዕራፍ ውስጥ ስላስገባው ዛሬም በብዙዎች ይታወቃል። ነገር ግን “ካፒታል”ን ያነበቡ ተማሪዎቼን ያ ልጅ ምን እያተመ ነበር ብዬ ስጠይቃቸው እስካሁን አንድም መላሽ አላገኘሁም። የሚያትመው የሌሎች ልጆች ግድግዳ የሚለብሰውን አበባ ነበር። በ1864 የፋብሪካ ሕጎች ይህን ሙያ እንዲጨምሩ ተደረገ፤ የልጆቹም የሥራ ሰዓት በሕግ ተገደበ።

የሌላው ክፍያ ምንጭ ቀለሙ ነው፤ በተለይም አረንጓዴው። ቅጠል የሌለው የአትክልት ስፍራ የለምና አረንጓዴ ቀለም ለዚህ ንግድ እንደ እንጀራ ነበር። በቀድሞ ዘመን አረንጓዴ የሚገኘው ሰማያዊንና ቢጫን በመደባለቅ ነበር፤ ውጤቱ ቶሎ ይደበዝዛል። በ1775 ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል ቪልሄልም ሼለ ከመዳብና ከአርሴኒክ አዲስ አረንጓዴ ቀለም አገኘ። በ1814 ደግሞ ከእርሱ የደመቀ ሌላ የመዳብና የአርሴኒክ ውሁድ በጀርመን አገር ተገኘ። ሁለቱም ርካሽ ነበሩ። አርሴኒክ ከመዳብና ከቆርቆሮ ማዕድን ጋር ተያይዞ ስለሚወጣ ብሪታንያ ሞልቷት ነበር።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በቅድሚያ የሚያነሣው ናፖሊዮንንና የሴንት ሄሌና ቤቱን ግድግዳ ነው። ወሬው አስደሳች ስለሆነ አልቃወምም። እኔ ግን ዛሬ በሎንደን ምሥራቅ ላይምሃውስ በተባለ የሠራተኞች ሠፈር ስለነበረ አንድ ቤት እናገራለሁ። በ1862 በዚያ ቤት አራት ሕፃናት በተከታታይ ሞቱ። በመጀመሪያ ዲፍቴሪያ የተባለው የጉሮሮ በሽታ ነው ተባለ፤ ይሁን እንጂ በሽታው ወደ ጎረቤት ልጆች አልተዛመተም። ቶማስ ኦርተን የተባለ ሐኪም የውኃውን፣ የፍሳሹን፣ የቤቱን ንጽሕና መርምሮ እንከን ሲያጣ ዓይኑ በልጆቹ ክፍል አረንጓዴ ወረቀት ላይ አረፈ። ወረቀቱ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኘበት። ጉዳዩ የሞትን ምክንያት ለሚያጣራ ችሎት ቀረበ፤ ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ግን ሞቱ ተፈጥሯዊ ነው ብለው ወሰኑ።

በዚህ ስፍራ ለተማሪዎቻችን አንድ ጥንቃቄ ላሳስብ። ሐኪሙ ትክክል፣ ችሎቱ ስሕተተኛ ነበር ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ በርካታ መጻሕፍትም እንዲህ ይደመድማሉ። የኬሚስትሪው ታሪክ ግን ውስብስብ ነው። በ1839 ጀርመናዊው ሊዮፖልድ ግሜሊን በእርጥብ ግድግዳ ላይ ያለ አረንጓዴ ወረቀት የአይጥ ሽታ የመሰለ ጋዝ እንደሚያወጣ አስጠነቀቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዎ ጎሲዮ ጋዙን የሚያወጣው በወረቀቱ ላይ የሚበቅል ሻጋታ መሆኑን አሳየ፤ በ1930ዎቹ በሊድስ ፍሬድሪክ ቻሌንጀር የጋዙን ምንነት ለየ። ሆኖም በ2005 የወጣ ጥናት ያ ጋዝ የተባለውን ያህል ገዳይ እንዳልሆነ ተከራክሯል። ጉዳት የሚያደርሰው ከወረቀቱ እየተፋቀ የሚረግፈው አቧራ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ግድግዳ ይዳስሳል፣ ጣቱን ይልሳል። በላይምሃውስ የሆነውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው በልጆቹ መኝታ ግድግዳ ላይ መርዝ መለጠፉና የወላጆቹ ምርጫ ጠባብ መሆኑ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሠፈር ወረቀቱን የሚመርጠው በአብዛኛው አከራዩ ነው፤ እርሱም አዲሱን በአሮጌው ላይ ይደርባል።

መርዙ ግን የርካሽ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ዊልያም ሞሪስ በቤክስሊሂዝ በነበረው ሬድ ሃውስ በተባለ ቤቱ የአትክልት ስፍራ የጽጌረዳ መደገፊያ የእንጨት ርብራብ ነበረው። ከእርሱ ተነሥቶ በ1862 “ትሬሊስ” የተባለውን የመጀመሪያ የግድግዳ ወረቀቱን ነደፈ፤ ወፎቹን የሣለለት ወዳጁ ፊሊፕ ዌብ ነው። ወረቀቱ በ1864 ለገበያ ወጣ። በእንጨት ማኅተም በእጅ የታተመ፣ ውድ ዕቃ ነበር። በ2003 አንድሩ ሜሃርግ የተባሉ ተመራማሪ የዚያን ወረቀት የቆየ ናሙና መርምረው አረንጓዴው የመዳብና የአርሴኒክ ቀለም መሆኑን “ኔቸር” በተባለው መጽሔት አስታወቁ። የሞሪስ ቤተ ሰብ ሀብት ከዴቨን ግሬት ኮንሶልስ ማዕድን የመነጨ ነው፤ ማዕድኑ በመዳብ ጀምሮ በኋላ በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የአርሴኒክ አምራቾች አንዱ ሆነ፤ ሞሪስ ራሱም እስከ 1875 ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ነበር። በ1885 በጻፈው ደብዳቤ ስለ አርሴኒክ ወረቀት የሚናገሩትን ሐኪሞች በጠንቋይ ፍራቻ ከተያዙ ሰዎች ጋር እያመሳሰለ ተሳልቆባቸዋል። ሞሪስን የሠራተኛው ወዳጅ አድርገን ለማንበብ የለመድን ሰዎች ይህን ደብዳቤ ልንዘለው አይገባም።

የብሪታንያ ፓርላማ በግድግዳ ወረቀት ላይ አርሴኒክ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ አላወጣም። ለውጡ የመጣው ከገዢዎች ነው። የዎላምስ ፋብሪካ ከ1859 ጀምሮ አርሴኒክ የሌለበት ወረቀት አቀረበ፤ ሌሎቹም ጋዜጦችና ሐኪሞች በጮኹ ቁጥር ተከተሉ። አርሴኒክ የለበትም የሚለው ቃል ለማስታወቂያ የሚጠቅም ሆነ። በዚህም ፍርሃት ውስጥ ለልጆች ተብሎ የተለየ የግድግዳ ወረቀት ተወለደ ለማለት እደፍራለሁ። እስከዚያ ድረስ የሕፃናት ክፍል የሚለበጠው ከሌላ ክፍል በተረፈ ወረቀት ነበርና።

በ1875 ዋልተር ክሬን ለጄፍሪ ኩባንያ የመጀመሪያውን የሕፃናት ክፍል ወረቀት ነደፈ። በ1879 በእንቅልፍ የተያዘችውን ልዕልት ተረት የሚያሳየውን ሠራ፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች በጽጌረዳ ሐረግ ተከብበው ይታያሉ። ይህኛው በውኃ የሚጠረግ ወረቀት ነበር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የወጣው ይህ የወረቀት ዓይነት ቀለሙ በዘይት የተሠራ ስለሆነ አይረግፍም፣ አቧራም አይዝም፤ ለእናቶችም የሚሸጠው በጤና ስም ነው። በ1893 ደግሞ የማንችስተሩ ዴቪድ ዎከር የኬት ግሪናዌይን የዓመቱን ወራት የሚያሳዩ ሥዕሎች ለሕፃናት ክፍል አሳተመ። በግሪናዌይ ዓለም ሁሉም ልጅ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በአጥር በተከበበ የአትክልት ስፍራ ይጫወታል። የፋብሪካ ጭስ በዚያ የለም፤ ማሽን ላይ ቆሞ የሚጎርስ ልጅም የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ግን ከፋብሪካ ያልወጣው ጌጥ ነው። ኤድመንድ ኢቫንስ የተባለ አታሚ በእንጨት ቅርጽ ባለቀለም ሥዕል በርካሽ ማተምን ስላሻሻለ፣ የክሬን የልጆች መጻሕፍት በስድስት ፔኒ፣ የራንዶልፍ ካልዴኮት በአንድ ሺሊንግ ይሸጡ ነበር። የግሪናዌይ “አንደር ዘ ዊንዶው” በ1879 ሲወጣ ዋጋው ስድስት ሺሊንግ ቢሆንም ኢቫንስ አስቀድሞ ያተማቸው 20,000 ቅጂዎች አልቀው እንደገና ታተመ። ሮበርት ኤዲስ የተባለ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ በ1881 ስለ ከተማ ቤቶች ጌጥና የቤት ዕቃ ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን ሦስት ሠዓልያን ሥዕሎች በሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ በመቀነት መልክ አዙሮ መለጠፍ ርካሽና ደስ የሚያሰኝ ጌጥ እንደሚሆን መከረ። መቀስና ሙጫ ይበቃል። ቀድሞም ቢሆን በብዙ ቤቶች ልጆችና ሞግዚቶች ከልዩ ልዩ ኅትመት አበባና ወፍ እየቆረጡ በጨርቅ መጋረጃ መከለያ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ኤዲስ ይህን ልማድ ወደ ግድግዳው አሻገረው ማለት ይቻላል።

ይህን የሚያደርገው ሰው ማን እንደነበር ልብ በሉ። ስድስት ሺሊንጉን መጽሐፍ ቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ድኻ አይደለም። ድኻው የሚለጥፈው የዕቃ መጠቅለያ፣ የማስታወቂያ ካርድ፣ የሥዕላዊ ጋዜጣ ገጽ ነው። የድርጊቱ አሠራር ግን አንድ ነው። ወረቀቱ የተሠራበትን ዓላማ ፈጽሟል፤ ከዚያ በኋላ አንድ እጅ ቆርጦ ለልጅ ዓይን በሚመች ከፍታ ያኖረዋል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ ልጁ ተመልካች ነው። በዚህኛው ላይ ግን ልጁ ራሱ መቀስ ይዟል፤ የትኛው አበባ ከየትኛው ወፍ አጠገብ ይሁን የሚለውን እርሱ ይወስናል። ሲሲ ጁፕን የከለከላት ሹም እዚህ ቤት ሥልጣን የለውም።

ለተመራማሪ ያለው ችግር የዚህ ልማድ ማስረጃ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የፋብሪካውን ወረቀት በቀላሉ እናገኘዋለን። በ1842 በወጣው የንድፍ ምዝገባ ሕግ መሠረት የገቡ ናሙናዎች በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ በሎንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በማንችስተርም የዊትወርዝ ሙዚየም ትልልቅ ስብስብ አላቸው። ከአሮጌ ቤቶች ግድግዳ የተላጡ ድርቦችም በብዙ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል፤ ባለሙያዎች በእንፋሎት እያራሱ አንዱን ከሌላው ይለያሉ፤ እንደ ዛፍ ዕድሜ ይቆጥሩታል። በልጅ እጅ የተለጠፈው ግን ቤተ ሰቡ ቤት ሲለቅቅ ተፋቀ፤ ማን ይመዝግበው?

አሁን መነሻዬ ወደ ነበረው ግድግዳ ብመለስ እንደማትታዘቡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ አገር የጋዜጣ ግድግዳ ከቤት ማስዋቢያነቱ ሌላ ከብናኝና ከብርድ መከላከያ ነበር፤ ፊደል የቆጠሩበትም ጥቂት አይደሉም። በእንቁጣጣሽ ሥዕል ላይ ግን ከእንግሊዙ ታሪክ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ሥዕሉን የሚሠራው ልጅ ነው፤ የሚሸጠውም፣ ባይሉት የሚሰጠው፣ ልጅ ነው፤ የሚቀበለው አዋቂ ነው። አበባው ከልጁ ወደ አዋቂው ግድግዳ ይሄዳል። በእንግሊዝ ፋብሪካም ሆነ በእኛ መንደር ልጅ የግድግዳ አበባ አምራች ነበር ብሎ ማነጻጸር ግን አግባብ አይመስለኝም። የእኛው ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሳንቲሙም የራሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪያችን ይህን ርእስ በክፍል ስናነሣ ሰምቶ፣ አያቱ ይኖሩበት ከነበረውና ሊፈርስ ከተቃረበው ቤት የመዳፍ ያህል ስፋት ያላት የግድግዳ ቁራጭ አምጥቶልኛል። በጠርዟ በኩል ሰባት የወረቀት ድርብ ቆጥረናል። ከላይ በኩል በሦስተኛው ድርብ ላይ በባለቀለም እርሳስ የተሣለ ቢጫ ነገር ጫፉ ይታያል፤ አበባም ፀሐይም ሊሆን ይችላል። የዱቄቱ ሙጫ ከጭቃው ጋር ስለተዋሐደ፣ በእንፋሎት ብናራስሰው ጭቃው ይፈርሳል ብለን ፈርተን እስካሁን አልነካነውም። በካርቶን ሣጥን ውስጥ በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ያገኘኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።